ዒላማው እርስዎ ነዎት፤ እባክዎ አይነሡ

የፊልም ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ሲጀምር ተነሥቶ ወደ ኩሽና መሄድ ትልቅ ነውር ነው። እርስዎን ለማግኘት ሰው ገንዘብ ከፍሏል። የአየር ሰዓት ገዝቷል፤ ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን ፊልም ቆራርጦ ሠላሳ ሰከንድ አድርጎታል፤ ከፊልሙ ማብቂያ አካባቢ የነበረውን ጥፊ አምጥቶ መክፈቻው ላይ አስቀምጦልዎታል። እርስዎ ግን ልክ በዚያች ደቂቃ «ሽንኩርቱ እንዳያርርብኝ» ብለው ብድግ ይላሉ። ሽንኩርት ነገም ያርራል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በአዲስ አበባው የደምበል ሕንጻ ዙሪያ ለሚኖሩ፣ ለሚሠሩና ታክሲ ለሚጠብቁ ተመልካቾች ነው፤ ከኦሎምፒያ እስከ መስቀል ፍላወር፣ ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ። ሌላው ሰፈርም ቢጠቀምበት አንቀየምም። ደምበልን የመረጥነው ግን በምክንያት ነው። ከሕንጻው ደረጃ ወርደው ወደ ቦሌ ቢያቀኑ ዓለም ሲኒማ አለ፤ ገፋ ካደረጉ ኤድና ሞል ውስጥ ማቲ አለ። ፊትዎን ወደ መስቀል አደባባይ ቢያዞሩ ስታዲየምን አልፈው የአምባሳደርና የብሔራዊ ቴአትር መንገድ ነው። እዚህ ሰፈር ተቀምጦ «ሲኒማ ራቀኝ» ማለት አይቻልም። ማስታወቂያ ሠሪው አጥብቆ የሚፈልገውም እንዲህ ያለውን ሰው ነው፦ ሲኒማ ቤቱ ቅርቡ ሆኖ ሳለ ሶፋው ላይ የተቀመጠውን።

በቅድሚያ አንድ የተሳሳተ እምነት እናስወግድ። ብዙ ሰው የፊልም ማስታወቂያ ስለ ፊልሙ የሚናገር ይመስለዋል። የሚናገረው ስለ እርስዎ ነው። ስንት ሰዓት ላይ እንደሚቀመጡ፣ ከማን ጋር እንደሚቀመጡ፣ ሪሞቱ በማን እጅ እንዳለ፣ ምን ሲያዩ ሆድዎ እንደሚባባ አስቀድሞ ገምቶ ነው የመጣው። ግምቱን ማፍረስ ደግሞ ጨዋነት አይደለም። የተገመቱትን ሰው ሆነው ይገኙ።

ለዚህም ሰዓትዎን ማወቅ አለብዎት። ከደምበል ጀርባ ባለ አንድ አፓርታማ የሚኖር ቤተሰብ እናስብ፤ አያት፣ ባልና ሚስት፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወንድ ልጅ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰች እኅቱና የቤት ሠራተኛቸው። ቴሌቪዥኑ አንድ ነው፤ ሪሞቱ ግን በየሰዓቱ ጌታ ይለዋውጣል። ከረፋዱ ጀምሮ አያትና ሠራተኛዋ ትናንት ማታ ያለፈውን ድራማ በድጋሚ ያያሉ፤ ሠራተኛዋ ሳህን ስታጥብ ያመለጣትን ክፍል የምታገኘው ያኔ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዜና ስለሆነ ሪሞቱ ወደ አባት ያልፋል። ዜናው ሳያልቅ ስፖርቱ ላይ እናትና ልጅ ይነጥቁታል። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝ ኳስ ነው፤ ወንዱ ልጅ ቤት ካለ ሪሞቱ የእሱ ነው፤ ቤት ከሌለ ዲኤስቲቪ ያለው ካፌ ሄዷል ማለት ነው። ማስታወቂያ ሠሪው ይህን ቤት ሲያይ ቤተሰብ አይታየውም፤ ሰዓቶች ናቸው የሚታዩት። በየሰዓቱ ላይ አንድ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ እሱም ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ይቆርጣል።

አሁን አንድ ፊልም አለን እንበል። ከአሜሪካ የመጣ ልጅ የልጅነት ፍቅረኛውን ፍለጋ ይገባል፤ እሷ ልታገባ ሦስት ቀን ቀርቷታል። እናቱ ይታመማሉ። አንድ መኪና ይጋጫል። አንድ የሰፈር ቀልደኛም ሳይጠሩት በየትዕይንቱ ብቅ ይላል። የፊልሙ ዓይነት «የፍቅር ኮሜዲ» ተብሎ ተመዝግቧል፤ መቼም ሌላ ምን ሊባል! ይህ ፊልም ረፋድ ላይ ሲተዋወቅ ስለ እናትየዋ ነው፤ የሆስፒታል አልጋ፣ ማሲንቆ፣ «ልጄን ሳላየው?» የሚል ድምፅ። በዜናው ሰዓት ሲተዋወቅ መኪናው ነው፤ የጎማ ጩኸት፣ ጥቁር መነጽር፣ የተመዘዘ ሽጉጥ። ሽጉጡ በፊልሙ ውስጥ የሕፃን መጫወቻ መሆኑን ለማወቅ ቲኬት መግዛት ያስፈልጋል። በድራማው መካከል ሲገባ የሁለቱ ከንፈሮች በአንድ ጣት ርቀት ላይ ቆመው ማያው ይጨልማል። በኳሱ እረፍት ደግሞ ቀልደኛው ብቻውን ይወጣል።

የኳሱን እረፍት በተመለከተ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። በፊት ወጣቱን በዚያ ሰዓት የሚያሳድደው ቢራ ነበር። በ2011 የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካስወጣ ወዲህ ልጁ ያለ አሳዳጅ ቀርቷል። የለመደው የአረፋ ድምፅ የለም፤ ጓደኞቹን ይዞ ተራራ ላይ የሚጨፍርለት የለም። እንዲህ ዓይነቱ ሰው በቀላሉ ይስቃል፤ ቀልደኛው በዚያ ሰዓት የተላከለትም ለዚህ ይመስለናል።

ከዚህ የሚከተለው ምክር በጣም አስፈላጊ ነው፤ ራት ላይ ስለ ማስታወቂያ አይነጋገሩ። ከተነጋገሩ እንዲህ ይሆናል።

«እማዬ፣ ያ የመኪናው ፊልም ዓርብ ይጀምራል አሉ።»

«የቱ የመኪናው? ስለ ሙሽራዋ አይደል እንዴ?»

«የምን ሙሽራ አመጣሽ፣ ሽጉጥ ነው ያየሁት» ይላሉ አባት፤ ጉርሻቸውን ሳይውጡ።

«ኧረ ልጆቼ፣ የሴትየዋን ነገር ንገሩኝ፤ ትተርፋለች?» ይላሉ አያት።

ልጁ ብቻ ይስቃል፤ እሱ ያየው ኮሜዲ ነው። አራት ፊልም ሊያዩ የተዘጋጁ ሰዎች አንድ ፊልም ብቻ እንዳለ ራት ላይ ቢደርሱበት ማናቸውም አይሄዱም። ዝም ቢሉ ግን ሁሉም ይሄዳሉ፤ እያንዳንዳቸውም ከራሳቸው ፊልም ሩቡን አይተው ይመለሳሉ። ሩብም ቢሆን የራስ ሲሆን ደስ ይላል።

ይህን ጥበብ እኛ አልፈጠርነውም። የዓለም ፊልም ሠሪዎች ቴሌቪዥንን መጀመሪያ ያዩት በጠላትነት ነበር፤ ሰውን ከሲኒማ ቤት እየነጠቀ ሳሎን ውስጥ የሚያስቀምጥ ሳጥን ነበርና። ነገሩን ከገለበጡት ቀደምቶች አንዱ ዋልት ዲዝኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤቢሲ በተባለው ጣቢያ ሳምንታዊ ዝግጅት ጀመረ። በዚያው ዓመት «20,000 ሊግስ አንደር ዘ ሲ» የተሰኘው ፊልሙ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ፊልሙ ባሕር ውስጥ እንዴት እንደተቀረጸ የሚያሳይ የአንድ ሰዓት ዝግጅት አቀረበ። ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች «ረጅሙ ትሬለር» ብለው አፌዙ። ዝግጅቱ ግን የኤሚ ሽልማት አገኘ። አንድ ሙሉ ሰዓት ማስታወቂያ አስቀምጦ አሳይቶ መሸለም እንደሚቻል የታወቀው ያኔ ነው።

ሌላው የሻርኩ ነው። «ጆውስ» እ.ኤ.አ. ሰኔ 20 ቀን 1975 ሲወጣ ዩኒቨርሳል 700,000 ዶላር ገደማ ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ ብቻ አውጥቶ በሦስት ተከታታይ ምሽቶች ብዙ ሰው በሚያይበት ሰዓት አሜሪካን በሠላሳ ሰከንድ በሠላሳ ሰከንድ አስፈራራት። ፊልሙ በአንድ ቀን ከ400 በሚበልጡ ሲኒማ ቤቶች ተከፈተ። ከዚያ በፊት ትልቅ ፊልም ከከተማ ከተማ ቀስ እያለ ይዞር ነበር፤ ያየው ላላየው እያወራለት። የአገር አቀፍ ቴሌቪዥን ሒሳብ ግን ሌላ ነው። ማስታወቂያው በዐሥር ሲኒማ ቤት ለሚታይ ፊልምም በ400 ለሚታይም ዋጋው ያው ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም በር በአንድ ሌሊት መክፈት ያዋጣል። ሰው ለሰው እስኪነግር መጠበቅ ቀረ። ፊልሙ መጥፎ ቢሆን እንኳ ወሬው ሳይደርስ ዓርብና ቅዳሜ ተሸጦ ያልቃል።

ያን ሰኔ እኛ ዘንድ 1967 ነበር፤ ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሊወርስ ወር ከሳምንት ያህል ቀርቶታል። ቴሌቪዥናችን ከጥቅምት 23 ቀን 1957 ጀምሮ፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ተመርቆ፣ ይሠራ ነበር፤ በጥቁርና ነጭ። በየሳሎኑ ግን አልነበረም። የኋላ ኋላ ፊልም ለሰፈር ሰው የመጣው በቪዲዮ ቤት ነው፤ ማስታወቂያውም በር ላይ የተደገፈች ሰሌዳ ናት። በጠመኔ «ዛሬ 8 ሰዓት የህንድ፣ 10 ሰዓት ቫንዳም» ትላለች። ሰሌዳዋ ማንንም አታሳድድም ነበር፤ ልጁ ራሱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መንገዱን አጣምሞ ሊያነባት ይሄዳል። አሁን ላለው ተመልካች ይህ ኋላቀርነት ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደ «ጉዲፈቻ»ና እንደ ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉ ፊልሞች በቪዲዮ ካሜራ ተቀርጸው ሲኒማ ቤት መታየት ሲጀምሩ፣ አምባሳደር በር ላይ ለአማርኛ ፊልም የሚሠራው ሰልፍ የከተማው ወሬ ሆኖ ነበር። ያን ሰልፍ የሠራው ፖስተር፣ በመኪና ላይ የተጫነ ሞንታርቦና የቴሌቪዥኗ ጥቂት ሰከንድ ነው። ፖስተር አጥር ላይ ይለጠፋል፤ ሞንታርቦ ሰፈር ለሰፈር ይጮኻል። ሁለቱም ሰው ሰፈሩ ውስጥ እንዳለ ያምናሉ። በ2017 የካዛንቺስ ሰው ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ፖስተሩ የሚለጠፍበትን አጥር ይዞ ሊሄድ አልቻለም፤ ቴሌቪዥኑን ግን ከፍራሹ ጋር አስሮ ወስዶታል። ማስታወቂያውም አዲሱ ሰፈር ድረስ ተከትሎት ሄዷል። ከሲኒማ ቤቱ የሚያደርሰው ታክሲ ስንት እንደሆነ ግን አይጠይቀውም።

እግረ መንገዳችንን ለሩቆቹም አንድ ቃል። ሲኒማ ቤት በሌለበት የወረዳ ከተማ ተቀምጠው «በሁሉም ሲኒማ ቤቶች!» የሚለውን ከሰሙ፣ ወይም ኢቢኤስ ቴሌቪዥን በተመሠረተበት በሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ሆነው የአዲስ አበባን የ10 ሰዓት መርሐ ግብር ካዩ፣ አይጨነቁ። ዒላማው እርስዎ አይደሉም። የመታዎት ተባራሪ ጥይት ነው።

ወደ ደምበል እንመለስ። በ2008 ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ጀምሮ የቱርክ ተዋናዮች አማርኛ መናገር ሲጀምሩ የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ሰዎች ተቃውሞ አሰሙ። «ጥቁር ፍቅር»ን ለማየት ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ ይሮጥ ነበር፤ ከቤቱ ወደ ሲኒማ የሚሮጥ ጠፋ። ተቃውሞው የገባን ያህል፣ የማስታወቂያ ሠሪውም ችግር ይግባዎት። የአማርኛ ፊልም የሚፈልገው ሰው ሌላ አገር ባሕር ዳር በቆመ ቪላ ውስጥ ልቡን ጥሎ ተቀምጧል። እዚያው ድረስ ሄዶ መጥራት ግድ ነው። ስለዚህ ድራማው እጅግ ጦዞ፣ ልጅቷ በሩን ከፍታ ማን እንደቆመ ሳናይ ማስታወቂያ ሲገባ፣ የጀመሩትን ዕንባ ሳያባክኑ ወደ አዲሱ ፊልም ያሸጋግሩት። ዕንባው አንድ ዓይነት ነው። ጥቂት ከተለማመዱ በኢስታንቡል የጀመሩትን ልቅሶ ሲኤምሲ በተቀረጸ ቪላ ውስጥ ይጨርሱታል።

ቀጥሎ የእንግዳ ፕሮግራም አለ። የዲዝኒ ትምህርት እኛ ጋ የደረሰው በሶፋ ነው፤ እነሱ ሶፋ ላይ፣ እኛም ሶፋ ላይ። እንደ «ሰይፉ በኢቢኤስ» ባሉ ዝግጅቶች ተዋናይ ተጋብዞ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ትዳሩና ስለ አዲሱ ፊልሙ ሲጫወት አይተዋል። ይህ ማስታወቂያ አይመስልም፤ ጥሩነቱም እዚያ ላይ ነው። ተዋናዩ ለምን ባለፈው ወር እንዳልመጣ፣ ለምን በሚቀጥለውም እንደማይመጣ፣ ለምን ልክ ፊልሙ ሊመረቅ ሲል ስለ እናቱ ማውራት እንደናፈቀ አይጠይቁ። በእንግድነት የመጣን ሰው «ምን አመጣህ?» አይባልም። ሲስቅ ይሳቁ። ቀረጻ ላይ ከፈረስ ስለ ወደቀበት ሲያወራ «እኔን!» ይበሉ። የፊልሙ ርዕስ ሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ ሳያስቡት ያስታውሱታል፤ ይህንንም እንደ ራስዎ ሐሳብ ለጓደኛዎ ይንገሩት። ተከታታይ ድራማ ላይ በየሳምንቱ የሚያዩት ሰው ከሆነ ደግሞ ሥራው ቀሏል፤ ቤትዎ የሚገባ ሰው ነውና ስሙን ሳይሆን የድራማውን ስም ይጠሩታል፤ እንደ ዘመድ ልጅ ያዝኑለታል። ዘመድ ፊልም ሠርቶ አለመሄድ ደግሞ ለቅሶ እንደመቅረት ነው።

አሁን ወደ ምስክሮቹ እንለፍ። ፊልሙን አይተው ለወጡ ተመልካቾች ከሲኒማ ቤቱ በር ላይ ማይክ ይቀርብላቸዋል። «በጣም አሪፍ ነው፤ ሁሉም ሰው ሊያየው ይገባል።» «አስተማሪም አዝናኝም ነው።» «ከጠበቅኩት በላይ ነው፤ የአማርኛ ፊልም አድጓል።» ከምስክሮቹ አንዱም «እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር» ብሎ አያውቅም፤ ይህ የሕዝባችንን ጨዋነት የሚያሳይ ነው። ለመጠራጠር የሚዳዳዎ ከሆነ ከሶኒ ታሪክ ይማሩ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2001 «ዘ ፓትሪየት» ለተባለው ፊልሙ በሠራው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ እንደ ተራ ተመልካች ሆነው ፊልሙን ያሞገሱት የራሱ ሠራተኞች እንደነበሩ አመነ። በዚያው ሰሞን ሌላም ጉድ ወጣ። ዴቪድ ማኒንግ የተባለ፣ በየማስታወቂያው ፊልሞቹን ሲያወድስ የኖረ ሐያሲ ጨርሶ በሕይወት የሌለ፣ የፈጠራ ሰው ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሶኒ የእነዚያን ፊልሞች ተመልካቾች ለመካስ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እኛ እዚህ ደረጃ ላይ አልደረስንም። የእኛ ምስክሮች ቢያንስ በሕይወት አሉ፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ከዋናው ተዋናይ ጋር በአንድ መኪና ሲሄዱ ይታያሉ።

ድምፁንም መለየት ይማሩ። አሜሪካኖች ዶን ላፎንቴን ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪያርፍ ድረስ ከ5,000 በላይ የፊልም ማስታወቂያዎችን እንዳነበበ ይነገርለታል። ዓለም ልትጠፋ ስትል የሚናገረው እሱ ነው። የእኛ አንባቢም ከእሱ አያንስም። «ልብ አንጠልጣይ» ብሎ ሲጀምርና «ጠልጣይ» ላይ ሲደርስ ድምፁ ወደ ምድር ቤት ከወረደ፣ ግድያ አለ። «አንጋፋና ወጣት ተዋንያን የተሳተፉበት» ካለ አንጋፋው ሁለት ትዕይንት ላይ ብቻ ነው ያሉት፤ አንዱ ላይ ይባርካሉ፣ አንዱ ላይ ይሞታሉ። «በከፍተኛ ወጪ የተሠራ» ካለ ሄሊኮፕተር ወይም ዱባይ አለ። «በአይነቱ የመጀመሪያ የሆነ» ካለ ያለፈውን ዓመት አይተውታል። «በቅርብ ቀን» ካለ ግን ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ያ ቀን ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ እኛም ጠይቀን አልተነገረንም።

ለማስታወቂያ ሰው መመቸት የሚጀምረው ከጣሪያ ነው። ነፋስ ያዞረው ዲሽ ዒላማ አይሆንም። ጣቢያዎቻችን ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ዲሹን ለማዞር ባለሙያ ጠርተው፣ እሱ ጣሪያ ላይ ሆኖ «አሁንስ?» ሲል ከታች «ትንሽ ወደ ግራ!» ያሉበትን ቀን ያስታውሱ። ያ ሁሉ ድካም ለዜና ብቻ ነበር? ስልክ ላይ የሚያዩ ከሆነ ደግሞ ትሬለሩ ከጀመረ ከአምስት ሰከንድ በኋላ «ዝለል» የሚል ነገር ከታች ሊመጣ ይችላል። አይንኩት። ኤዲተሩ ጥፊውን ስድስተኛው ሰከንድ ላይ አድርጎት ቢሆንስ?

ይህን ሁሉ ፈጽመው ከሆነ ጥሩ ዒላማ ሆነዋል። ለሥራው መሰናክል የሚሆን አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ እሱን ደግሞ ለመሸፋፈን ብንሞክርም አልቻልንም። የሳሙና ማስታወቂያ ሶፋዎ ላይ እንዳሉ ሳሙና እንዲወዱ ይፈልጋል፤ ሲገዙትም ተመልሰው ሶፋዎ ላይ ይቀመጣሉ። ዘይቱም፣ ፓስታውም፣ ባንኩም እንዲሁ። የፊልም ማስታወቂያ ብቻ ነው ቴሌቪዥን ውስጥ ገብቶ «ቴሌቪዥንህን ዝጋና ተነሥ» የሚለው። ይህንንም የሚለው ተቀምጦ ማየት እንደሚወድ ታውቆ ለተመረጠ ሰው ነው። ተቀማጭ ስለሆኑ መረጠዎት፤ ከመረጠዎት በኋላ ደግሞ ተቀማጭነትዎን ይቃወማል።

ተመልካቹም መልሱን አግኝቷል። ከላይ ባልነው ቤት ውስጥ እናትየዋ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው፣ ከንፈር ከንፈር ሊነካ እስኪል ድረስ በጸጥታ ያዩና «በበዓል ይመጣል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አንድ የአማርኛ ፊልም ሲኒማ ቤት ዞሮ ሲደክመው በዓል ጠብቆ ቴሌቪዥን ላይ ይመጣል፤ ወይም አቦል ዱካ በተባለው የፊልም ጣቢያ ላይ፤ ወይም ዩቲዩብ ላይ «ሙሉ ፊልም» ተብሎ። እናትየዋ ደምበል ወርደው፣ ታክሲ ጠብቀው፣ ለአምስት ሰው ቲኬት ቆርጠው፣ ፈንድሻ ገዝተው፣ ማታ ልጆቹን ይዘው መመለሻ ራይድ ከሚፈልጉ እስከ ፋሲካ ቢታገሡ ምን ይጎድልባቸዋል? ጾሙን ታግሠውት የለ! የፊልሙ ማስታወቂያ ግቡን መታ ማለት ነው፤ ፊልሙን ፈልገዋል። ከሶፋው ላይ ሆነው ነው የፈለጉት እንጂ።

እንግዲህ በዓሉ ሲደርስ የመጨረሻው ማሳደድ ይጀምራል። ጣቢያው ከሳምንት በፊት «ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን!» እያለ ያንኑ ጥፊ፣ ያንኑ ሽጉጥ፣ ያንኑ ማሲንቆ ያመጣል። በዚህ ጊዜ ማንም እንዲነሣ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ማስታወቂያው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ይሆናል። ሰዓቱ ሲደርስ ቤተሰቡ አንድ ላይ ይቀመጣል። አያት የእናትየዋን መጨረሻ ይጠብቃሉ፤ አባት ሽጉጡን፤ ልጅቷ ከንፈሩን፤ ልጁ ቀልደኛውን። ሽጉጡ የሕፃን መጫወቻ መሆኑ ሲታወቅ አባትየው «አሞኙኝ እኮ!» ብለው ተነሥተው ይወጣሉ።

እንደ አባትየው የተታለሉ መስሎ ከተሰማዎት የሕግ መንገድ እንዳለ ይወቁ። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሰዎች «የስተርዴይ» የተባለውን ፊልም በኢንተርኔት ተከራይተው፣ በትሬለሩ ላይ ያዩአት ተዋናይት አና ደ አርማስ ፊልሙ ውስጥ ሳትኖር ስለቀረች ዩኒቨርሳልን ከሰሱ። እያንዳንዳቸው ለኪራይ የከፈሉት 3 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ፌዴራል ዳኛው ትሬለር የንግድ ማስታወቂያ ስለሆነ በአሳሳች ማስታወቂያ ሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል ብለው ወሰኑ። በእኛም አገር ስለ ማስታወቂያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ስለዚህ ማስረጃዎን አደራጅተው ይዘጋጁ። አንድ ችግር ግን አለ፤ ፊልሙን በፋሲካ ማታ በነጻ ስላዩት የሚያቀርቡት ቲኬት የለዎትም። ሊጠይቁ የሚችሉት የመብራቱን ብቻ ነው። ለዚህም የቆጣሪዎን ንባብ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ በወረቀት ይመዝግቡ፤ ፍሪጁን ይንቀሉ፤ ምጣዱ እንዳይለኮስ ለቤት ሠራተኛዋ ይንገሩ። ሒሳቡን ሲሠሩ በመካከል የገቡት ማስታወቂያዎች የወሰዱትን ጊዜ መቀነስ አይርሱ፤ እነዚያን ወድደውና ፈቅደው ነው ያዩት።